«ይኼም ሥራ ነው?»

ሰው ያገኘ እንደሆነ ሥራውን ሳይመረምር የማይለቅ ጎንደሬ አታውቁም? አንዱ እኔ ነኝ። የጎረቤታችን የጨርቅ ነጋዴው የሐጂ ኑሩ ልጅ ሰዓዳ ናይሮቢ ሄዳ ጎልፍ ተጫዋች ሆነች፤ የምትተዳደረውም በዚያው ነው። አባቷ ግን እያፈሩ «ንግድ ላይ ናት» ይሉን ነበር።

ሲታመሙ ልትጠይቃቸው መጣች። እኔም በሽተኛው ፊት «ኳስ በዱላ መምታት፣ ይኼም ሥራ ነው?» አልኳት። አንገቷን ደፋች። ሐጂ ከትራሳቸው ቀና ብለው «እስቲ አሳይኝ፣ ልጄ» አሏት።

በማግስቱ ደግፈን ከከተማው ወጣ ወዳለው ፀዳ ሜዳ ወሰድናቸው። ሰዓዳ ትንሽ ነጭ ኳስ ሣሩ ላይ አስቀምጣ በዱላዋ መታቻት። ኳሷ ከዓይናችን ጠፋች።

«የት ወደቀች?» አሉ ሐጂ።

«ከዚያ ዛፍ ሥር፣ አባዬ።»

ሄጄ ፈለግሁ፤ እውነትም እዚያው ነበረች። ስመለስ ሐጂ የልጃቸውን የሻከረ መዳፍ ይዘው ያለቅሳሉ።

«ምነው ቀደም ብዬ በጠየቅሁሽ!» ይሏታል።