የማይጨሰው የዶን ዊልማር እሳት

በዓለም ላይ ድንኳን በተተከለበት ቦታ ሁሉ አንድ የእሳት ባለቤት አለ። ማንም አልመረጠውም፣ ማንም አልሾመውም። መኪናው እንደቆመ ቀድሞ ይወርድና ጣቱን በምራቁ አርሶ ነፋሱን ይለካል፣ መሬቱን በጫማው ጫፍ ይቆረቁራል፣ ከዚያ «እዚህ!» ይላል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ያ መሬት ግዛቱ ነው። እርስዎም ያውቁታል። አንድ ቀን ሊያግዙ ብለው አንዲት እንጨት ወደ እሳቱ ሲያስጠጉ እጅዎን አፈፍ አድርጎ የያዘዎት ሰውዬ እሱ ነው።

የእኛ ቤተሰብ የእሳት ባለቤት የሚስቴ የግላዲስ ታላቅ ወንድም፣ ክቡር ዶን ዊልማር ናቸው። በየዓመቱ በሕማማት ሳምንት፣ መንግሥታችን ስሙን ለውጦ «የቱሪዝም ሳምንት» በሚለው ማለት ነው፣ ድንኳናችንን ጭነን ኦሊማር ወንዝ ዳር እንወርዳለን። ሌላው ክርስቲያን ከሥጋ በሚሸሽበት ሰሞን እኛ ኡራጓዮች በሬ እንጨርሳለን። እግዜር ይቅር ይበለን። ዶን ዊልማር ግን ይቅርታ የሚያሻው ሥጋ ለበላ ሳይሆን ሥጋ ላሳረረ ነው ባይ ናቸው።

ወንዙ ዳር ባሕር ዛፍ ሞልቷል፤ ወድቆ የደረቀም አይጠፋም። ሌላ ሰው ለቅሞ ያነደዋል። እሳቸው ዘንድ ይህ ነውር ነው። «ባሕር ዛፍ ወሬኛ ነው» ይላሉ። «ይንጣጣል፣ ይጨሳል፣ ሲፈልጉት የለም።» የሳቸው ማገዶ ኮሮኒሻ የሚባል እንደ ድንጋይ የጠነከረ እንጨት ነው፤ ዓመቱን ሙሉ በጓሯቸው ዳስ ውስጥ ደርቆ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከቤት ይመጣል። ባለቤታቸው ዶኛ ኤልባ በሕይወት ሳሉ ሻንጣቸው የመኪናው ጣሪያ ላይ ዝናብ ሲመታው፣ ማገዶው ከጎናቸው ወንበር ላይ የደኅንነት ቀበቶ ታስሮለት ይጓዝ ነበር። ይህ ሁሉ ለአንድ ሃይማኖት ነው፤ ሃይማኖቱም ባጭሩ እንዲህ ይላል፤ «የሚጨስ እሳት የመሃይም እሳት ነው።»

እውነት ለመናገር እሳታቸው ጨሶ አያውቅም። እንጨቱን ከጎን ያነዱና ፍም ሲሆን በመቆስቆሻ እየሳቡ ከብረት ፍርግርጉ ሥር ይበትኑታል። መዳፋቸውን ከላይ ዘርግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሙቀቱን ያዳምጣሉ። ጎድኑን በአጥንቱ በኩል ያስተኙታል፤ ከዚያ በኋላ እሱን መገልበጥ ይቅርና ትክ ብሎ ማየትም ክልክል ነው። «መቼ ይደርሳል?» ብሎ መጠየቅ ስድብ ነው። አንድ ዓመት ረኃብ ቢጠናብኝ «እሳት ካየው ምን ለየው» ብዬ ተረትኩ። እስከ ፋሲካ አላነጋገሩኝም።

እኔ ጋዜጣ ላይ እየጻፍኩ የምኖር ሰው ነኝ። ይህም ለሳቸው ለምንም እንደማልረባ ሌላ ማስረጃ ነው። «አንተ ወረቀት ነህ» አሉኝ አንድ ጊዜ በሰው ፊት። «ለመለኮስ ትረዳለህ። ፍም ግን አይወጣህም።» ከዚያ ወዲህ ስሜ ዋልተር መሆኑን ከግላዲስ በቀር የሚያስታውስ የለም።

አምናም ካቻምናም ስቀየማቸው ኖሬአለሁ፤ ሥጋው እስኪደርስ ድረስ። ስቡ ፍሙ ላይ ጠብ ማለት ሲጀምርና ያ ሽታ ከወንዙ ጭጋግ ጋር ሲቀላቀል ቂም የሚባለው ነገር ከየት መጥቶ ይገኛል? ወንበር ላይ ተቀምጠን አንበላም። ቆመን፣ ከጣውላው ላይ በየቢላችን እየቆረጥን፣ ስቡ ክርናችን ድረስ እየወረደ፣ በደረቅ ዳቦ እየጠረግን እንበላለን። ከተማ ውስጥ ያንኑ ጎድን ከዚያው ሥጋ ቤት ገዝቼ ሞክሬዋለሁ። ሥጋ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም።

በእኛ አገር ሥጋ ለጠበሰ ሰው ይጨበጨባል። የመጀመሪያው ጎድን ከብረቱ ወርዶ ጣውላው ላይ ሲያርፍ አንዱ ተነሥቶ «ለጠባሹ ጭብጨባ!» ብሎ መጮህ አለበት። ያኔ ቢላ የያዘው ቢላውን፣ ልጅ የታቀፈችው ልጇን አስቀምጣ ታጨበጭባለች፤ የማያውቁን የጎረቤት ድንኳን ሰዎችም ከሩቅ ያግዛሉ። ጠባሹ ራሱ አይጠይቅም፣ ቆሞ ይጠብቃል እንጂ። በእኛ ድንኳን ያቺ ጩኸት የዶኛ ኤልባ ነበረች። ደቃቃ ሴት ነበሩ፤ ድምፃቸው ግን ወንዙን ተሻግሮ ማዶ ያሉትን ላሞች ያስደነግጥ ነበር። ዶን ዊልማርም ባርኔጣቸውን አውልቀው እጅ ይነሡና «እኔን ሳይሆን እንጨቱን አመስግኑ» ይላሉ፤ እኔም በየዓመቱ ጥርሴን እነክሳለሁ።

«ዶኛ ኤልባ» አልኳቸው አንድ ጊዜ፣ «እርስዎ ዓመቱን ሙሉ ወጥ ቤት ሲለፉ ማን አጨበጨበልዎ?»

«ዝም በል አንተ ወረቀት!» አሉኝ እየሣቁ። «በዓመት አንድ ቀን አጨብጭቤለት ዓመቱን ሙሉ ሳህን ያጥብልኛል። ከዚህ የተሻለ ንግድ ካለ አሳየኝ።»

ዶኛ ኤልባ ባለፈው ሰኔ፣ ብርዱ በበረታበት ሰሞን ሞቱ። ሳል ነው ተባለ፣ ከዚያ ሆስፒታል ተባለ፣ ከዚያ የሚባል ነገር አለቀ። እሑድ እሑድ ከዶን ዊልማር ጓሮ ይሰማ የነበረው የመጥረቢያ ድምፅ ጠፋ። ስንጠይቃቸው ብንሄድ በር ላይ ያነጋግሩናል። ሳህኑ ግን ታጥቦ፣ ተደርድሮ፣ በመስኮት ይታያል።

ሕማማት ሲቃረብ ስልክ ደወሉ። ሰላምታ የለም።

«ማገዶው ደርቋል» አሉ።

«ወንድም ጋሼ፣ ዘንድሮ ቢቀርስ?» አለቻቸው ግላዲስ።

«ዘንድሮ እንሄዳለን። ካልሆነልኝ ድንኳኑን ለሰው እሰጠዋለሁ። ያበቃል።»

ምን ካልሆነልዎ ብሎ የጠየቀ የለም። መንገድ ላይ፣ እሳቸው ማገዷቸውን ቀበቶ አስረው ከፊታችን ሲነዱ እያየን፣ ግላዲስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ማነው የሚጮኸው?» አለችኝ።

«አንቺ ነሻ።»

«እኔማ አፌን ስከፍት ልቅሶ ነው የሚወጣው። ካለቀስኩ ደግሞ እሱም ይፈርሳል። ይሄን ወንዝ ዳግመኛ አያየውም።»

እኔን አላለችም። በዚያ ጭብጨባ ላይ ስንት ዓመት እንዳላገጥኩ ታውቃለች።

ከደረስን ጀምሮ ዘነበ። ድንኳኑ ረጠበ፣ ብርድ ልብሱ ረጠበ፣ ስኳሩ ጓጎለ። በእኛ ዘንድ ዝናብ ሲጥል ሊጥ ተዳምጦ በሞራ ይጠበሳል፤ ስኳር ተነስንሶበት በማቴ ሻይ ይበላል። ጠብ ሲል መጥበሻ የማያነሣ ቤት የለም፤ ይህም የዶኛ ኤልባ ሥራ ነበር። አጠገባችን ፋብሪሲዮ የሚባል ከዋና ከተማው የመጣ ወጣት በጋዝ ምድጃ ፓስታ ይቀቅላል። ዶን ዊልማር ያንን ምድጃ ገና ሲያዩት «የሆስፒታል ዕቃ» ብለውታል። ልጁ ግን ቀና ነው። ዝናቡ ሲጠና አንገቱን ብቅ አድርጎ «ዶን፣ በዚህ ዝናብ የተጠበሰ ሊጥ የለም እንዴ?» አላቸው።

«መጥበሻ አልያዝንም» አሉ ዶን ዊልማር።

ሣጥኑን ከፍቼ አየሁት። እውነትም የለም። ለመቆስቆሻቸው መለዋወጫ፣ ለጨዋቸው መጠባበቂያ የሚይዙ ሰው መጥበሻ አይረሱም። ግላዲስ ድንኳን ገባችና ብዙ ቆየች። እሳቸው ፔርሙሳቸውን በብብታቸው ይዘው፣ ማቴውን ከቅሉ እየመጠጡ ዝናቡን ሲመለከቱ ዋሉ። ቅሉን ከሞሉ በኋላ እጃቸው በልማድ ወደ ቀኝ ይዘረጋል፣ ባዶውን ወንበር ያገኛል፣ ይመለሳል።

ዓርብ ስቅለት ዕለት ረፋዱ ላይ ዝናቡ አባራ። ዶን ዊልማር ተነሡ። በጭቃው ላይ ድንጋይ ደልድለው፣ ላስቲኩን ፈትተው ለኮሱ፤ እሳቱም አልጨሰም። እንዲያ በራሰ መሬት ላይ አንዲት ክር ጭስ አልወጣችውም። ፋብሪሲዮ አፉን ከፍቶ ያይ ነበር። እኔን ያስፈራኝ ሌላ ነገር ነው። ማንንም አልሰደቡም። ባሕር ዛፉን አላሙም፣ ጋዙን አላነሡም። ጨነቀኝና ሆን ብዬ እጄን ሰድጄ አንዱን የነደደ እንጨት ገፋ አደረግሁት። በሌላ ዓመት ቢሆን ወንዝ ውስጥ ይወረውሩኝ ነበር። ቀና ብለው አዩኝና እንጨቱን ወደ ቦታው መለሱት።

ጎድኑ በሰዓቱ ደረሰ። አንሥተው ጣውላው ላይ አሳረፉት፤ ከዚያ መቆስቆሻቸውን እንደ በትር ተደግፈው፣ ሁልጊዜ የሚቆሙባት ቦታ ላይ ወደ እኛ ዞረው ቆሙ።

ከባሕር ዛፉ ቅጠል ውኃ ይንጠባጠባል። ግላዲስ አፏን ከፈተች፣ መልሳ ገጠመችው። ፋብሪሲዮ የተጋበዘውን ዳቦ እንደያዘ አንዴ እኔን አንዴ እሷን ያያል። የዶን ዊልማር ዓይን ወደ ባዶው ወንበር ሄደና እዚያው ቀረ። እጃቸው ባርኔጣቸውን ነካ፤ ግን ለምን ብለው ያውልቁት? ጎድኑ መቀዝቀዝ ጀመረ። ከዚህ ዝምታ በኋላ ምን እንደሚመጣ አውቄዋለሁ፤ ድንኳኑ ይነቀላል፣ ለሰው ይሰጣል፣ ያበቃል።

ተነሣሁና «ለጠባሹ ጭብጨባ!» ብዬ ጮህኩ።

ድምፄ ተሰነጠቀ። ወንዙን መሻገር ይቅርና ጣውላውን መሻገሩንም እንጃ። ብቻዬን አጨበጨብኩ፣ እንደ ሞኝ። ከዚያ ፋብሪሲዮ ዳቦውን ጥሎ ተቀላቀለ፤ ግላዲስ ተከተለች፤ ከላይኛው ድንኳን አንድ ሰው፣ ከታች እነማን እንደሆኑ እንጃ፣ ሥጋውን ሳያዩ አጨበጨቡ።

ዶን ዊልማር እጅ አልነሡም። ጀርባቸውን ሰጡንና ወደ እሳቱ ዞሩ። ትከሻቸው ሲነቃነቅ አየነው።

«ጭሱ» አሉ። «ይሄ ጭስ ዓይኔን…»

ወገኖቼ፣ ጭስ አልነበረም። ፍሙ እንደ ብርቱካን ቀልቶ ጥርት ብሎ ተኝቷል። የሚጨስ እሳት የመሃይም እሳት ነው ሲሉ የኖሩ ሰው፣ ከሌላው ሁሉ መሃይም መባሉን መረጡ።

«የምን ጭስ ነው ዶን? ኧረ እሳቱ ምንም አልጨ—» አለ ያ ቀና ልጅ። እግሩን ረገጥኩት።

«ማገዶው ርሷል!» አልኩ ጮክ ብዬ። «ዓይን ያጠፋል እኮ ይሄ ጭስ!»

«ኧረ ጨሰ፣ ወንድም ጋሼ» አለች ግላዲስ በቀሚሷ ጫፍ ፊቷን እየጠረገች። «በጣም ነው የጨሰው።»

ጎድኑን ቆመን በላነው፤ ትንሽ ቀዝቅዟል። ማንም ማንንም አላየም። የሚጣፍጥ ነገር እያዘኑ መብላት እንደሚቻል ያን ቀን አወቅሁ።

በማግሥቱ ጧት የድንኳኔ ምሰሶ ሲነቃነቅ ነቃሁ። ብቅ ብል ክቡርነታቸው ባርኔጣቸውን ደፍተው ቆመዋል።

«ማነው ትናንት እሳቴ ጨሰ ያለው?»

«እኔ ነኝ፣ ዶን ዊልማር።»

«ማገዶው ርሷል አልክ? የኔ ማገዶ?»

«ተሳስቼ ነው።»

«ወረቀት!» አሉኝ፤ ጎረቤት ሁሉ እስኪሰማ። እንደዚያ ጧት ስድብ ደስ ብሎኝ አያውቅም። የተረፈውን ኮሮኒሻ አንድ ባንድ አራግፈው፣ ከጭቃው ከፍ አድርገው ድንጋይ ላይ ከምረውታል።

«ምን ትገተራለህ? ና ላስቲኩን ያዝልኝ» አሉ። «ለከርሞ ዝናብ እንዳይገባው።»

በሁለት እጄ ያዝኩላቸው።