ሲሲ ምናቸው ናት?

የትም ሂዱ፣ ዳባት ውረዱ፣ ጎንደር ዝለቁ፣ በየሰፈሩ አንዲት ዘፋኝ ለብቻው የተሰጠችው አንድ ሰው አይጠፋም። ሌላው ሕዝብ ዘፈን ይሰማል፤ እሱ ግን ርስት ይጠብቃል። ዘፋኟን ብታመሰግኑለት «እናንተ ደግሞ ምን ታውቃላችሁ!» ይላችኋል፤ ብታሟትማ ዱላ ፍለጋ ይነሣል። የደባርቁ ክቡር አቶ የሺዋስ፣ የሰፈሩ ሰው «ፊታውራሪ ሬዲዮ» የሚላቸው፣ የዚህ ዘር አውራ ናቸው።

ይህን ከካሳነሽ በላይ የሚያውቅ የለም። ካሳነሽ የጤና ጣቢያ ነርስ ናት። እሳቸው አጠገብ ካለው ቤት ከገባች ዘጠኝ ዓመቷ ሲሆን፣ ከአቶ የሺዋስ የሚለያት አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ ግድግዳው ደግሞ ከወንፊት አይሻልም። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሲሆን ሬዲዮው ይከፈታል። መጀመሪያ ጩርርር ይላል፣ ቀጥሎ ሳክስፎን ያላዝናል፣ ቀጥሎ ሲሲ ትመጣለች። ሲሲ የአዲስ አበባ የጃዝ ዘፋኝ ናት። ድምፅዋ ጎርነን ያለ፣ የማይቸኩል፣ የሆዱን ለማውራት ሰው ሁሉ እስኪተኛ የጠበቀ ሰው ድምፅ ነው። ካሳነሽ ትራሷን በጆሮዋ ላይ ደፍታ «ምነው ይቺን ሴትዮ አንድ ቀን እንኳ ጉንፋን ቢይዝልኝ!» ትላለች።

አቶ የሺዋስ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ተራራው ላይ፣ ሳንቃ በር ከሚባለው ቦታ፣ የፓርኩ ስካውት፣ ማለትም ታጣቂ ጠባቂ፣ ነበሩ። ሚስት አላገቡም። ለምን ቢባሉ «ያን ብርድ ለማን ላካፍለው ብዬ» ይላሉ። እዚያ ገደል አፋፍ ላይ ጠመንጃቸውን በአንድ ጉልበት፣ ሬዲዮአቸውን በሌላው ጉልበት አስደግፈው ሲያድሩ ነው ሲሲን ያገኟት። እንዲያውም ገና ስም ሳታወጣ ተራራ ልታይ መጥታ፣ ከቡይት ራስ እስከ ሳንቃ በር ቦርሳዋን የተሸከምኩላት እኔ ነኝ ባይ ናቸው። ያየ የለም። የከተማው ጎረምሳ «ጋሼ፣ ቦርሳው ከበደዎት?» እያለ ያሾፍባቸዋል። እሳቸው ግን ኮስተር ብለው «ቦርሳውስ ቀላል ነበር፤ ሐሳብ ነው የከበዳት» ብለው ይመልሳሉ።

ማረም ደግሞ ይወዳሉ። የሲሲን ነገር አንሥቶ ልክ የሆነ ሰው እስከ ዛሬ አልተፈጠረም። ሹፌሩ ዋሴ «ያ ዘፈን ከወጣ አምስት ዓመቱ ነው» ቢል፣ «ስድስት! እሱም በሐምሌ!» ይላሉ። ሌላ ዘፋኝ የጠራ እንደሆነማ «ድምፅና ጩኸት ለየቅል ነው!» ይባላል፤ ይህን ሳይሉ ያመሹበት ቀን የለም።

የዋሴ እህት ስትዳር ሙዚቃ አጫዋቹ ዘንድ ሄደው፣ ለምነውም አስፈራርተውም ሲሲን አስከፈቱ። ትከሻ የሚነቀንቅ ነገር ከዘፈኑ ውስጥ ቢፈለግ ጠፋ። ጨፋሪው ሁሉ እጁን ወገቡ ላይ እንዳደረገ ደርቆ ቀረ። የሙሽራው አባት «ምነው ጃል፣ ሰርግ ነው ልቅሶ የጠራችሁኝ?» አሉ። አቶ የሺዋስ ብቻ መሀል ዳስ ቆመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንገታቸውን ወዝወዝ፣ ወዝወዝ።

የነፍስ አባታቸው መምሬ ኪዳነ ማርያም አንድ ቀን «ሌሊት ለጸሎት ነው የተሰጠን፤ አንተ ዘፈን ታዳምጥበታለህ» ብለው ገሠጿቸው። «አባቴ፣ ይሄ እኮ ዘፈን አይደለም፤ አራራይ ነው» አሏቸው። የቅዱስ ያሬድን ዜማ ለአስረሽ ምቺው! መምሬ ቱግ አሉ፤ አርባ ስግደት አዘዙባቸው። ካሳነሽ በግድግዳው በኩል ቆጥራለች፤ አንዲት ሳትጎድል አርባውንም ሰገዱ፣ ሲሲ እየዘፈነችላቸው።

ሳቁ እንግዲህ እስከዚህ ነው። ዘንድሮ ደባርቅ የሚሳቅ ነገር የጠፋበት ዓመት ነው። መንገዱ አንድ ሳምንት ተከፍቶ ሁለት ሳምንት ይዘጋል። ኔትወርክ የለም፤ መብራት ሲመጣ ሰው ይደነግጣል። የእድሩ ድንኳን ከአንዱ ደጅ ተነቅሎ ሌላው ደጅ ይተከላል እንጂ ቤት ገብቶ አያውቅም። እናት የልጇን መርዶ የምትሰማው ወር ካለፈው በኋላ ነው። በዚህ ሁሉ መሀል የተለመደ ነገር ሲናገር የሚያድረው የአቶ የሺዋስ ሬዲዮ ብቻ ነበር፣ ያውም በባትሪ ድንጋይ።

ባለፈው ማክሰኞ አመሻሽ ዋሴ ከጎንደር እንደ ምንም ደርሶ፣ አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ ካሳነሽ ቤት ገባ።

«ሲሲ ሞታለች» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጎንደር ሁሉ የሚያወራው እሱን ነው። ዛሬ ሌሊት በሬዲዮ ቢሰሙትስ?»

ካሳነሽ ክው አለች። የአቶ የሺዋስን የደም ግፊት በየሳምንቱ የምትለካው እሷ ናት፤ ባለፈው የወጣውን ቁጥር ለራሳቸውም አልነገረቻቸውም። ብቻቸውን፣ በጨለማ፣ ደጋፊ ሳይኖራቸው ከሰሙት ሊደፋቸው ይችላል። መርዶ ደግሞ እንዲህ አይነገርም። መርዶ በማለዳ፣ በሽማግሌ አፍ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ነው።

«ዘመዳቸው እኮ አይደለችም» አለ ዋሴ።

«በል ሂድና እሱን ለራሳቸው ንገራቸው!» ብላ ነጠላዋን ለበሰች።

አቶ የሺዋስን ከደጃቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። «ጋሼ፣ የባትሪዬ ድንጋይ አልቆብኝ ነው። ዛሬ ተረኛ ነኝ፤ ምጥ የያዛት ሴት አለችብኝ። የሬዲዮዎን ቢያውሱኝ?» ተረኛ የነበረችው ሰኞ ሌሊት ነው፤ ምጡም ውሸት ነው። አቶ የሺዋስ ለወለዳቸው አባትም ቢሆን የሬዲዮ ድንጋይ የሚያውሱ ሰው አልነበሩም። ያን ማታ ግን ገቡና ድንጋዮቹን አውጥተው በመዳፏ አስጨበጧት። «ውሰጂ ልጄ» አሉ። ካሳነሽ ተንኮሏ ስለ ያዘላት ደስ ብሏት ምንም አልጠረጠረችም። ማታ ለጥ ብላ ልትተኛ ተጋደመች። እንቅልፍ ግን አሻፈረኝ አላት፤ ያ ሁሉ ጸጥታ ይከብድ ነበር።

ረቡዕ ገና ጎሕ ሳይቀድ መምሬ ኪዳነ ማርያም፣ የእድሩ ዳኛ አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ፣ ካሳነሽ፣ ዋሴና ጥቂት ጎረቤቶች ደጃቸው ደረሱ። ካሳነሽ የደም ግፊት መለኪያዋን በነጠላዋ ሸሽጋለች። ሳያንኳኩ በሩ ተከፈተ። አቶ የሺዋስ ጋቢያቸውን ደርበው ቆመዋል። ሰው በማለዳ ተሰብስቦ ሲመጣ ለምን እንደሚመጣ ዘንድሮ ደባርቅ ውስጥ ሕፃኑም ያውቃል።

መምሬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የሺዋስ ልጄ፣ መቼም የአዳም ልጅ ሁሉ…»

«ሰምቻለሁ አባቴ» አሉ አቶ የሺዋስ። «ሰኞ ሌሊት ሬዲዮው ተናገረ። ስሟን ጠራ፣ አንድ ዘፈኗን አሰማ፣ ከዚያ ማስታወቂያ አስገባ።»

ካሳነሽ ደነገጠች። «ታዲያ እስካሁን ምነው ዝም አሉ ጋሼ? ምነው ሳያለቅሱ?»

«ምኔ ናት ብዬ ላልቅስ? እናቴ አይደለች፣ ልጄ አይደለች። በቁሟ ስትስቁብኝ ችዬዋለሁ፤ እኔም አብሬ እስቅ ነበር። በሞቷ እንዳትስቁብኝ ግን ፈራሁ። ባትመጡ ኖሮ ምንም እንዳልተፈጠረ እሆን ነበር።»

መሬት መሬት ያላየ አልነበረም፤ ዋሴማ የሚገባበት አጣ።

አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ነገር ግን የደንብ ሰው ናቸው፣ ዘንድሮ ደግሞ ድንኳኑ ለሁሉ መድረስ አልቻለም። «መቀመጡን እንቀመጣለን» አሉ መዝገባቸውን ከብብታቸው አውጥተው። «ድንኳኑ ግን ደንብ አለው። እናት፣ አባት፣ ባል፣ ሚስት፣ ልጅ፣ ወንድም፣ እህት፣ እንዲሁም በአባሉ ቤት የሚያድር ቤተኛ ነው የሚለው። ዘፋኝ አይልም። ለአንዱ ካፈረስነው ለሁሉም ፈረሰ።»

«ልክ ነው፤ አይልም» አሉ አቶ የሺዋስ። ፊታቸውን አዙረው በሩን ሊዘጉ ጀመሩ።

«ቆይ! ቆይ ጋሼ!» አለች ካሳነሽ፤ በሩን በእግሯ ያዘችው። ወደ ዳኛው ዞረች። «በአባሉ ቤት የሚያድር ይላል አይደል?»

«ይላል።»

«ታዲያ ይቺ ሴት የት ነበር ስታድር የኖረችው? እኔ ግድግዳ ለግድግዳ ነኝ! ስድስት ሰዓት ላይ ትገባለች፣ እስከ ስምንት ሰዓት ድምፅዋ አይቋረጥም። ክረምት ከበጋ፣ ጾም ከፍስክ። ረግሜያታለሁ፣ ግድግዳ ደብድቤባታለሁ፣ አንድ ሌሊት አልቀረችም። መምሬ፣ መስቀልዎን ያውጡና ልማል፤ ይቺ ሴት እዚህ ቤት ዘጠኝ ዓመት አድራለች!»

በወንደላጤ ቤት ሴት አድራለች ብሎ በመስቀል መማል በደባርቅ ታይቶ አይታወቅም። መምሬ መስቀላቸውን አላወጡም፤ ጢማቸውን ጨብጠው ወደ ሰማይ ተመለከቱ። አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ መዝገቡን ገልጠው ደንቡን አንድ ጊዜ አነበቡት፣ ደገሙት።

«ዋሴ» አሉ በመጨረሻ፣ «ሂድ፣ ድንኳኑን ከነምሰሶው አምጣ።» እስክሪብቷቸውን አውጥተው ጮክ ብለው እያነበቡ መጻፍ ጀመሩ። «ሲሲ። በአባላችን በአቶ የሺዋስ ቤት ዘጠኝ ዓመት ያደረች…»

«አሥራ አንድ ነው» አሉ አቶ የሺዋስ። ይህን ብለው ጋቢያቸውን መሬት ጣሉና እንደ ባለ ልቅሶ ጮኸው አለቀሱ።