የመጨረሻውን ዋጋ ያስቀደሙት ጋሼ ሙደሲር

ዕድሜ ልኩን ራሱን የሚያሻሽል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል፤ ያውም መርካቶ ውስጥ! በርበሬ በረንዳ የሚነግዱት ጋሼ ሙደሲር በየዓመቱ አንድ መጥፎ ጠባይ ይተዋሉ። ዘንድሮ ተራው የዋጋ ውሸት ነበር። መርካቶ መጀመሪያ የሚጠራ ዋጋ ውሸት መሆኑን የማያውቅ ማን አለ? እሳቸው ግን ገና ሲጠየቁ የመጨረሻውን ይናገራሉ።

ትናንት አንዲት ሴትዮ፣ “ይቀንሱ እንጂ!” አለቻቸው።

“እትዬ፣ የመጨረሻው ነው።”

“መጀመሪያውን ሳይነግሩኝ?”

ተቆጥታ ጎረቤት ሱቅ ገባች። እዚያ እጥፍ ተጠራባት፤ ተከራክራ ተከራክራ ከጋሼ ዋጋ በላይ ገዛችና፣ “ይኸው አስቀነስኩ!” ብላ በርበሬዋን ልታሳያቸው ተመለሰች።

ስትሄድ፣ “ጋሼ፣ ይህ ነገር ቢቀርብዎትስ?” አልኳቸው።

“ሞቼ ነው የምዋሸው!” አሉ ጥርሳቸውን ነክሰው። “ንዴት የምተወው ግን ለከርሞ ነው፤ አሁን ከፊቴ ዞር በል!”