ለጀልባ ምንጣፍ ስመርጥ

ልጄ ሳራ ገና አምስት ዓመት ሳይሞላት አንድ ቀን ምን ብላ ጠየቀችኝ መሰላችሁ? «እማዬ፣ አባዬ ባሕር ላይ ጫማውን የት ያወልቃል?»

እስቲ እናንተ መልሱልኝ። እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። ድሬዳዋ ተወልጄ፣ ድሬዳዋ ተድሬ፣ ድሬዳዋ የምኖር ሰው ነኝ። የማውቀው ውኃ ቢኖር ደጋው ላይ ዘንቦ በአሸዋው እየጮኸ የሚወርደውን ጎርፍ ነው። እሱ ደግሞ ጫማ አውልቁ አይልም፤ ከነጫማ ነው የሚወስደው። እንዲያው ዝም ከምላት ብዬ «በር ላይ» አልኳት። «ጀልባ በር አለው?» ስትለኝ ጊዜ «አባትሽ ሲመጣ ትጠይቂዋለሽ» ብዬ ተገላገልኩ። አባቷ መጣ፣ ተኛ፣ ሄደ። ልጅቷ ሳትጠይቀው ቀረች። አሁን ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ መጠየቁንም ትታዋለች።

ባለቤቴ ተስፋዬ የባቡር ልጅ ነው። አባቱ ባቡር፣ እሱ ባቡር፤ እጁ ከግራሶ ጸድቶ አያውቅም። የድሮው ባቡር ሲቆም ጓደኞቹ ባጃጅ ገዙ፣ አንዳንዱም ፋብሪካ ገባ። የእኔው ግን ሐዲዱን ተከትሎ ቁልቁል ወርዶ ጅቡቲ ገባና የጀልባ ሞተረኛ ሆነ። «አንድ ዓመት ብቻ» ብሎኝ ነበር። ባቡሩ እንኳ ቆሟል፤ እሱ ግን እስከ ዛሬ አልቆመም።

ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። አይጠጣም፣ አይሳደብም፣ የሚልከውንም ይልካል። አንድ አመል ብቻ አለው፣ «ስመጣ» ይላል። የቤቱ ወለል ሲሚንቶው ተሰነጣጥቆ ጉንዳን ሲወጣበት ብነግረው፣ «ስመጣ እሠራዋለሁ።» ጣሪያው አፈሰሰ ስለው፣ «ስመጣ።» ልጅህ ቁመቷ እኔን አለፈ ስለው እንኳ፣ «ስመጣ አየዋለሁ» አለኝ። እስኪመጣ ድረስ ልጅቷ ማደጓን ታቁም?

እንግዲህ በቀደም ደወለና ያልጠበቅኩትን አመጣ። በጀልባዋ ውስጥ ሠራተኞቹ የሚያርፉባት ጠባብ ክፍል አለች፤ ካቢን ነው የሚሏት። የካቢኗ ምንጣፍ የባሕር ውኃ እየጠጣ በስብሶ ሸቷል። ባለ ጀልባው ሐጂ ደግሞ፣ ጅቡቲ ዕቃ እሳት ነውና ሚስትህ ከድሬ መርጣ ትላክ ብለዋል። እኔ! የራሴ ቤት ወለል ጉንዳን እያበቀለ፣ አይቼው ለማላውቀው ጀልባ ወለል መራጭ ሆንኩ።

«ልኩስ?» አልኩት።

«ርዝመቱ ሦስት ሰጋጃ፣ ወርዱ ሁለት» አለኝ።

እንዴት ያለ ልክ ነው ብላችሁ አትሳቁ። የጀልባዋ ሰዎች ከእሱ በቀር ሁሉም እስላሞች ናቸው፤ እዚያችው ካቢን ውስጥ ሰጋጃቸውን ዘርግተው ይሰግዳሉ። ሜትር ፍለጋ ማን ይሄዳል? ሰጋጃው ሦስቴ ተዘረጋ፣ አበቃ። እኔ ሜትር ይሻላል አላልኩም፤ ለጸሎት የተዘረጋ ነገር አይዋሽም ብዬ ተቀበልኩ። እኛ ቤት ግን ሰጋጃ ከየት ይመጣል? ጎረቤቴ ፋጡማ ጋ ሄድኩ።

ፋጡማ ነገሩን ስነግራት እስኪያስነጥሳት ሳቀች። «አቦ፣ የማርያም ልጅ በሰጋጃ ባሕር ልትለኪ ነው?» አለችኝ። ከዚያ ከሣጥኗ ውስጥ ወንድሟ ከሐጅ ያመጣላትን፣ አቧራ እንዳይነካው በፌስታል የጠቀለለችውን ሰጋጃ አወጣች። ለሰው የማታሳየውን ለእኔ አወጣችው። ብቻሽንማ ያታልሉሻል ብላ እሷም ተከተለችኝ፤ በባጃጅ አሸዋ ገበያ ወረድን።

ምንጣፍ ሻጩ ወጣት ልጅ ነው፤ አፉ እንደ ማር። ሦስት ዓይነት ዘረጋልን። አንዱ ፀጉራም ነው፤ እግር ሲያርፍበት ድመት የረገጡ ይመስላል። «እሱ ይቅር፣ ውኃ ይጠጣል» አልኩት። ሁለተኛው አበባ ያለው ስስ ፕላስቲክ። ሦስተኛው ደግሞ ወፍራም፣ ጀርባው ላስቲክ የሆነ፣ ሁለት ሰው ተጋግዞ የሚያነሣው።

«ሁሉም በጅቡቲ የገባ ነው እናቴ» አለኝ በኩራት።

ልብ አላችሁ? ምንጣፉ በመርከብ መጥቶ ባሌ አፍንጫ ሥር ተራገፈ። ከዚያ በረሃውን አቋርጦ ድሬ ገባ። አሁን ደግሞ እኔ ገዝቼ ወደ ጅቡቲ ልመልሰው ነው። ምንጣፍ እንኳ ደርሶ መልስ አለው! ለምንጣፍ ያልጠፋ መንገድ ለአንድ ሞተረኛ ምን ነው የጠፋው?

«ስሱ ስንት ጊዜ ይቆያል?» አልኩት።

«እውነቱን ልንገርሽ? በባሕር ላይ ከሆነ ዓመት ከቆየ ነው። ወፍራሙ ግን አሥር ዓመት ንቅንቅ አይልም። ልጅሽን ድረሽ፣ የልጅ ልጅ እዪ፣ እሱ እዚያው ነው።»

ይህን ጊዜ የተጠቀለለ ምንጣፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ልጁ ዋጋው አስደንግጧት ነው ብሎ መቀነስ ጀመረ። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ዋጋው አልነበረም። አሥር ዓመት! ሰው አሥር ዓመት የሚቆይ ወለል የሚያነጥፈው የት ነው? በሚኖርበት ቤት አይደለም እንዴ? እኔ በእጄ መርጬ፣ በእጄ ጠቅልዬ፣ ለባሌ አሥር ዓመት ልልክለት? ስሱን ብወስድስ? በዓመቱ ይቀደዳል፣ ሐጂም በጀልባዋ ይሰለቻሉ፣ ይሸጧታል፣ ተስፋዬም ሻንጣውን ይዞ ይመጣል። እጄን ሰደድኩና አበባ ያለውን ዳሰስኩት። ያምራል ደግሞ።

ፋጡማ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። የሐሳቤን ግማሽ ሳታውቅ አልቀረችም፤ የእሷም ባል ሳውዲ ነው። «እህቴ፣» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔ ብሆን ስሱን እወስድ ነበር። ወላሂ።»

እኔም ልወስደው ነበር። ግን ስስ ፕላስቲክ ሲረጥብ ያንሸራትታል፤ ይህን ለማወቅ ባሕር ማየት አያስፈልግም፣ መታጠቢያ ቤት ይበቃል። በሌሊት የሚነሣው ሞተረኛው ነው፣ የሚወድቀውም እሱ። ጠዋት «ከክፉ ሐሳብ ሰውረኝ» ብዬ ጸልዬ ከሰዓት ክፉ ሐሳብ ስመርጥ ልዋል? በልቤ አማተብኩና «ወፍራሙን ቁረጥልኝ» አልኩት። ፋጡማም ሰጋጃዋን አራግፋ ምንጣፉ ላይ ፌስታሉን አነጠፈች፤ በላዩ ላይ ዘረጋችው፣ እየተዟዟርን ለካን፣ ልጁም ቆረጠ።

ሰፈራችን የሚያድር አንድ የጅቡቲ መንገድ ሹፌር አለ፤ በእሱ ላክሁት። ኋላ እንደነገረኝ ኬላ ላይ ፈታሾቹ ደጋግመው ገልብጠው አዩት፤ ምንጣፍ ሲገባ እንጂ ሲወጣ አይተው አያውቁም።

ከሳምንት በኋላ አመሻሽ ላይ ግቢ ውስጥ ውኃ ረጭተን ከሳራ ጋር ቁጭ ብለን ሳለ ተስፋዬ ደወለ። እንዲህ ደስ ብሎት ሰምቼው አላውቅም። ለካ የፋጡማ ሰጋጃ ከጀልባዋ ሰዎች ሰጋጃ ይሰፋል፤ ምንጣፉ ተርፎ ግድግዳው ላይ ወጥቷል። ሰጋጃ ሁሉ አንድ ልክ መስሎን! እሱ ግን አልተበሳጨም፤ ትርፉን ቆርጠው ግድግዳውን አልብሰውት ካቢኗ ሙቅ ቤት ሆናለች።

«ሐጂ ምን እንዳሉ ታውቂያለሽ? ሚስትህ ዓይን አላት አሉ። ካቢኗን ለእኔ ሰጡኝ! ኪራይ ቤቱን ለቅቄ እዚሁ ገብቻለሁ። ልክ እንደ ቤቴ እኮ ነው፣ ጫማዬን አውልቄ ነው የምገባው» አለኝ።

«ለፋሲካስ?» አልኩት።

አሁንማ ጀልባዋን ጠባቂው እሱ ስለሆነ ጥሎ መምጣት እንደማይሆን ነገረኝ። ከዚያ ስለ ላስቲኩ ጥራት አወራኝ። ስለ ላስቲኩ ብዙ አወራኝ። ጆሮዬን ስልኩ ላይ ለጥፌ «ስመጣ» እስኪል ጠበቅሁ፤ በባዶ ተስፋም ቢሆን የለመድኳት ቃል ናት። እሷንም ሳይላት «በይ ደህና እደሩ» ብሎ ዘጋ።

ሳራ «ምን አለ?» አለችኝ።

«ምንጣፉ ተስማምቶታል» አልኳት።

ክፉውን ብመርጥ ኖሮ እግዚአብሔር ቀጣኝ እል ነበር። ደጉን መርጬስ ምን ልበል? የንስሓ አባቴን ልጠይቃቸው አስቤ ነበር፤ ግን ለደግ ሥራ ንስሓ የሚገባ ሰው አይተው ስለማያውቁ ይደነግጣሉ ብዬ ተውኩት።

በማግስቱ ጠዋት ኪዳን አድርሼ ተመለስኩና ከአልጋው የእሱን ትራስ አነሣሁ። የትራሱን ልብስ አወለቅሁ፣ አጠብኩ፤ በድሬ ፀሐይ ለመድረቅ ጊዜ አልፈጀበትም። አልብሼ፣ በሻሽ አስሬ ለሹፌሩ ወስጄ ሰጠሁት። «ምን ብዬ ልስጠው?» አለኝ። «ወለሉ አልቋል፤ ለቤትህ የጎደለ ይህ ነው በለው» አልኩት።

ቤቴ ገባሁና የራሴን ትራስ አልጋው መሐል ላይ አደረግሁት።