የታከለ አፍንጫ

ሰው ስለ ልብ ያወራል፣ ስለ ዓይን ይዘፍናል፤ ስለ አፍንጫ ማን ግድ አለው? እኔም ግድ አልነበረኝም። ትዳሬን ሊያፈርስ የተነሣው አፍንጫ መሆኑን እስካውቅ ድረስ ማለቴ ነው።

ባለቤቴ ታከለ በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ቀድሞኝ ነው የወጣው። ተጋብተን ገና ጎጆው ሳይሞቅ። እናቴ ታማብኝ ስለነበር እኔ ቀረሁ። ትደርሺብኛለሽ ብሎኝ ሄደ። መድረሱ ግን ዓመታት ፈጀ። በፈረንጆች ዘጠና አንድ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሲያግዙን እኔም መጣሁ፤ ነታንያ፣ ባሕሩ ዳር ያለ ሆቴል አሳረፉን።

ታከለ መጣ። በር ላይ አቀፈኝ። አቀፈኝና ለቀቀኝ፤ ልክ እንደ ለቅሶ ደራሽ። በስንት ዓመቱ! ደክሞት ይሆናል አልሁ።

ከዚያ እዚያው ነታንያ፣ ኤይን ሀትኽሌት ሰፈር ወዳለው ቤቱ ወሰደኝ። አንድ ክፍል ተኩል ነው፤ ግማሹ ወጥ ቤት። በሻሽ ቋጥሬ ያመጣኋት ትንሽ ኮረሪማ ነበረችኝ፤ ዶሮ ሠራሁለት። ይህ ሰው እኮ አገር ቤት ሳለን ከእርሻ ሲመለስ ገና ከአጥር ውጭ ሆኖ ድስቱ ውስጥ ያለውን የሚናገር ሰው ነው። አሁን አቀርቅሮ በላ፣ እጁን ታጠበ፣ "ቶዳ" አለኝ። አመሰግናለሁ ማለቱ ነው። ሚስት ቶዳ ትባላለች? የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ እንዴ?

ሲተኛ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ያንኮራፋል። ሲነሣ ግንባሩን ይዞ ነው፤ ጫማውን ለማሰር ጎንበስ ሲል ፊቱ ይጨማደዳል። ምን ሆንህ ስለው ብርድ ነው ይለኛል። ኪሱ የአፍንጫ ጠብታ አያጣም። እኔ ግን ጠብታውን መች ልብ አልሁት? የታየችኝ ሌላ ሴት ናት። ያን ሁሉ ዓመት ብቻውን ኖረ ብዬ ልመን? ትራሱን አሸተትሁ። ሸሚዙን አሸተትሁ። የብርቱካን ልጣጭ ብቻ ነው፤ ሥራው ቴል ሞንድ ከተማ፣ ብርቱካን ማሸጊያ ቤት ነበር። እሷም እዚያ ትሆናለች የምትሠራው አልሁ። ቅናት መቼም መልስ አያጣም።

አንድ ቀን ከኡልፓን፣ ከዕብራይስጥ ትምህርቴ፣ ስመለስ ደረጃው ላይ ጋዝ ሸተተኝ። በወጣሁ ቁጥር እየባሰ ሄደ። ለካ ከእኛው ቤት ነው። በሩን በረገድሁት። የባሕሩ ንፋስ በመስኮት ገብቶ ምድጃውን አጥፍቶታል፤ ጋዙ ይንሾካሾካል። ታከለ ደግሞ ሻዩ አለመፍላቱን አይቶ ክብሪት አንሥቷል፤ ሊጭር ነው። እጁን መታሁት፤ ክብሪቱ ወለሉ ላይ ተበተነ። ጋዙን ዘጋሁ፣ መስኮቱን ሁሉ ከፈትሁ፣ እሱን ጎትቼ ወደ ደረጃው አወጣሁት።

"አይሸትህም?" አልሁት።

"ምኑ?"

እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አልን። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ቡናም፣ ሳሙናም፣ ብርቱካንም እንደማይሸተው ነገረኝ። ቀጥሎ ያለውን ሲናገር ግን አላየኝም፤ እጁን ነበር የሚያየው።

"ሆቴሉ በር ላይ ሳቅፍሽ ጠረንሽን ፈለግሁት። የለም። ሌላ ሰው ያቀፍሁ መሰለኝ። ልቤ ነው የሞተው አልሁ። ይኼን እንዴት ብዬ ልንገርሽ?"

አያችሁልኝ? እኔ ሌላ ሴት ስፈልግ፣ እሱ የሚፈልገው እኔን ነበር።

በማግሥቱ ኩፓት ሆሊም፣ ክሊኒኩ ሄድን። ሐኪሟ ከሩሲያ የመጣች አዲስ ገቢ ናት። የሦስታችን ዕብራይስጥ ተደምሮ አንድ ሙሉ ሰው አይወጣውም፤ በእጅ ተግባባን። ከዓይኑ ሥር ጫን ብታደርገው ታከለ ከወንበሩ ዘለለ። ከዚያ ሥዕል ሣለችልን። የፊታችን አጥንት ውስጥ ባዶ ክፍሎች አሉ፤ እያንዳንዱም ወደ አፍንጫ የሚከፈት ጠባብ በር አለው። በሩ አብጦ ሲዘጋ ፈሳሹ መውጫ አጥቶ ይጠራቀማል፣ አንዳንዴም ይመግላል። ሳይነስ የሚሉት ይህ ነው። እኔ የገረመኝ ሌላ ነው። በአንድ ክፍል ተኩል ተጣብበን ስንኖር ሰውዬው ፊቱ ውስጥ ያን ሁሉ ክፍል ይዞ ኖሯል!

ወደ አፍንጫ ሐኪም ላከችን። እሱ በቀጭን መብራት አየውና እንደ ወይን ፍሬ ያበጠ ነገር አገኘ፤ ሽታውን የከለከለው እሱ ነው። ጠብታውን ተወው አለው። ለጥቂት ቀን ይከፍታል፣ ሲቆይ ግን ራሱ ያሳብጣል። ጓደኛው ያካፈለውን የተረፈ ኪኒንም አስጣለው። ጉንፋን ሁሉ አንቲባዮቲክ አይፈልግም፤ አሁን ግን መግል ስላለ ላንተ የታዘዘልህን ውሰድ፣ ሳትጨርስ አታቁም አለው። እብጠቱን የሚያጎድል፣ አፍንጫ ውስጥ የሚረጭ መድኃኒት ሰጠው። ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውሃ እንዲታጠብም አዘዘ። ሽታው መመለሱን ግን ቃል አልገባልንም።

የጨው ውሃውን ነገር ባታነሡብኝ። በአንዱ ቀዳዳ ገብቶ በሌላው ይወጣል። የሱዳንን በረሃ በእግሩ ያቋረጠ ሰው ከአንዲት ብርጭቆ ሸሸ! አንገቱን ይዤ፣ እንደ ሕፃን እያባበልሁ አጠብሁት። እያጠብሁት መሳቅ ጀመርን። ከመጣሁ ወዲህ አብረን ስንስቅ ያ መጀመሪያችን ነው። ሽታው ባይመለስም ይኼ ይበቃኛል ብዬ ነበር፤ እውነቴን ነው።

ሳምንታት አለፉ። የራስ ምታቱ ቀረ፤ ሽታው ግን የለም። አንድ ዓርብ ከሰንበት በፊት ሽንኩርት እየከተፍሁ ሳለ ታከለ ከሥራ ገባ። ከኋላዬ መጥቶ ቆመ። አንገቴ ሥር ትንፋሹ ተሰማኝ፤ አንዴ ሳበ፣ ደግሞ ሳበ።

"መጣሽ?" አለኝ።

"መጣሁ" አልሁት። ያለቀስሁት በሽንኩርቱ ነው፤ እንዲያ ብዬዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ምክር ሰጪ ሆኜ አረፍሁት። ባሏ ዝም ላላት ሴት ሁሉ፣ እህቴ፣ ሽማግሌ ከመሰብሰብሽ በፊት አፍንጫውን አስመርምሪው እላለሁ። ቃዲማ የምትኖር በላይነሽ የምትባል የኡልፓን ጓደኛዬ ሰማችኝ። ያን ዝምተኛ ባሏን እየጎተተች ወሰደችው። ተመረመረ፣ ራጅ ተነሣ።

አፍንጫው ፍጹም ጤነኛ ሆኖ ተገኘ።