የአጎቴ ትልቅ ጎማ

ሳይጠየቅ የሚመልስ ዘመድ የሌለው ቤተሰብ በዓለም ላይ የለም። ለእኛ የደረሰን አጎቴ ነው፤ ክቡር ሊቀ ጎማ፣ ጭቃና ድንጋይ የማይመልሰው የባለአራት ጎማ ሞተር ጌታ።

“ጎማ ሲተልቅ መንገድ ያንሳል!” ይላል። ታምሜ ሆስፒታል ሊጠይቀኝ የመጣ ጊዜ፣ እንዴት ነህ ከማለቱ በፊት ጎንበስ ብሎ የአልጋዬን ጎማ መረመረና “ይቺማ ታንሳለች” ብሎ ነርሷን አሳቃት። የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ አፉን ከፍቶ ሳይቀር ስለ ጎማ ሊያስረዳ ሞክሯል አሉ።

ኮረብታው ላይ የብርቱካን ማሳ አለው። ወገቧን የሚያማት ሚስቱ፣ አክስቴ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከኋላው ተፈናጥጣ አብራው ትወጣለች። ከቤት መውጫዋ ይህች ብቻ ነበረች። ታዲያ አንድ ቀን “ድንጋዩ እንዳያንገጫግጫት” ብሎ ትንንሾቹን ጎማዎች አውልቆ ባለትልልቅ ቸርኬ ጎማ አስገጠመ።

እውነቱን ለመናገር ሞተሩ ድንጋዩን ይሻገረው ጀመር፤ ሆዱም መሬት አልነካ አለ። ነገር ግን ብረቱ ቸርኬ ሲተልቅ በዙሪያው ያለው ላስቲክ ሳሳ፤ የሳሳ ላስቲክ ደግሞ መንገጫገጩን እንዳለ ለወገብ ያስረክባል። ሞተሩም ከብዶት ዳገቱ ላይ ያቃስታል፤ ኩርባ ላይማ ከፍታው ያስፈራል።

“ልጄ፣ ሰማይ ቤት ነው እንዴ የምወጣው?” አለችኝ አክስቴ በጆሮዬ።

“ለምን አትነግሪውም?”

“ለእኔ ብሎ ያደረገውን? በምን አፌ!”

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር “ዛሬ ሥራ አለብኝ” ሆነ መልሷ። አጎቴም ነገሩ ገብቶት ነበር፤ ግን ሊቅ ነውና ተሳስቻለሁ ማለት ሞት ሆነበት። ክረምቱን በሙሉ ብቻውን ወጣ ወረደ። በመጨረሻ ማንም ሳያየው የድሮዎቹን ጎማዎች መለሰ። ምን ያደርጋል፣ ያኔ የአክስቴ ወገብ ብሶ ሐኪሙ ሞተር የሚባል ነገር ከልክሏታል። በአንዲት ቃል እጦት ያ ሁሉ ቅዳሜ መቅረቱ እስካሁን ያንገበግበኛል።

አጎቴ ስለ ጎማ ማውራት አቆመ። ባለፈው ጎረቤት መጥቶ “ጋሼ፣ የትኛው መጠን ይሻለኛል?” ቢለው፣ “እኔ ምን አውቄ” ብሎት ወደ ቤት ገባ። ዕድሜዬን ሙሉ ከንግግሩ ስሸሽ የኖርኩት እኔ ተከትዬው ገባሁ።

“ጋሼ፣ ሞተር ልገዛ ነው። ምን ዓይነት ጎማ ላድርግለት?” አልኩት። እንኳን ሞተር፣ ብስክሌትም የለኝም።

ሶፋው ላይ ትራስ ተደግፋ የተቀመጠችውን አክስቴን አያት።

“እሷን ጠይቃት” አለ። “እኔ ተሳስቼ ነበር።”

አክስቴ “ቸርኬው ትንሽ፣ ላስቲኩ ወፍራም” አለችኝ፤ ወደ እሱም ዞራ “የጎማውን የንፋስ ልክ አንተ ንገረው። ስትለፈልፍ መስማት ናፍቆኛል” አለችው።

ጉሮሮውን ጠራርጎ ጀመረ። እስኪመሽ አላቆመም፤ እኔም አልተነሣሁም።