መርፌውን ያስጾሙት ሐኪም

ሐበሻ ሦስት ሆኖ በተቀመጠበት ሁሉ አንዱ ሐኪም ነው። የት እንደተማረ አይጠየቅም። የናይሮቢዋ ኢስትሊ ሐኪም ጋሽ መኳንንት ናቸው፤ መተዳደሪያቸው ምግብ ቤት ነው፣ ጥሪያቸው ግን የሰው ገላ። ደንበኛ ጥብስ ካዘዘ፣ ጥብሱ እስኪደርስ ጉበቱን መርምረው ይጨርሳሉ። እኛ «ሊቀ ሐኪማን» ስንላቸው፣ የሰፈሩ ኬንያውያን ሳይቀሩ በስዋሂሊኛ «ዳክታሪ» ይሏቸዋል። «እኔ ልንገርህ» ብለው ከጀመሩ ያስቆማቸው ሰው እስካሁን አልተገኘም።

ከምግብ ቤታቸው ፊት ለፊት ልብስ የምትሰፋው ቀመሪያ ሳትፈልግ የሊቀ ሐኪማን ቋሚ ታካሚ ሆናለች። ሩማቶይድ የሚባለው የመገጣጠሚያ ሕመም ከያዛት አሥራ አንድ ዓመት አልፏታል። የገዛ ሰውነቷ የገዛ መገጣጠሚያዎቿን እያጠቃ፣ ያኔ ጠዋት ጠዋት የሻይ ብርጭቆ ማንሳት እንኳ ያቅታት ነበር። ከዚያ ባዮሎጂክ የሚሉትን፣ የሰውነትን መከላከያ የሚያለዝብ መርፌ ጀመረች። በየአሥራ አምስት ቀኑ ሐሙስ ጠዋት ከፍሪጅ ታወጣዋለች፣ ቅዝቃዜው እስኪለቀው ትጠብቃለች፣ ሆዷ ላይ ራሷ ትወጋለች። በዚህ ሁኔታ ስምንት ዓመት መቀሷን ይዛ ኖረች።

ሊቀ ሐኪማንን ያሳሰባቸው ይኸው ስምንት ዓመት ነው። «ይሠራል፣ አልካድኩም፤ ግን ይሄ ነገር ሲቆይ ነው የሚታየው» ይላሉ። አንድ ቀን ከመርፌው ካርቶን ውስጥ የሚወጣውን ወረቀት ተቀብለው፣ ምሳ በሚበላው ሕዝብ ፊት እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እየመለሱ አነበቡላት። የሳንባ ነቀርሳ አሉ። ካንሰር አሉ። የልብ ድካም አሉ። «ከስንት ሰው በአንዱ» የሚለውን ግን ዘለሉት፤ ቁጥር ሰው ያሰለቻል ብለው።

ቀመሪያ እዚያው ሳቀች፣ ቤቷ ስትገባ ግን ሳቋ ጠፋ። እውነቱን ለመናገር ጥያቄው የእሷም ነበር። ለዕድሜ ልክ የታዘዘ መድኃኒት ዕድሜ ልኩን ምን ሲያደርግ ይኖራል? ሐኪሟን እጠይቃለሁ እያለች ትሄድና፣ ወረፋዋ ሲደርስ አፍራ የደም ምርመራዋን ተቀብላ ትወጣለች።

ረመዳን ሲገባ ጋሽ መኳንንት መፍትሔ ይዘው መጡ። «ዘንድሮ የእኔም ሁዳዴ የአንቺም ረመዳን ገጥሟል። ሆድ ሲያርፍ ይጠነክራል አይደል? መርፌውንም አስጹሚው። ሰውነትሽ ይተንፍስ።»

መርፌው ጾሟን እንደማያበላሽ ሼኹን ጠይቃ ታውቃለች፤ ካፈጠረች በኋላ መውጋትም ትችል ነበር። ግን ሐሳቡ ጣማት። ሁለት መርፌ አሳለፈች፣ ምንም አልሆነችም። ዒድ አልፎም ሦስተኛውንና አራተኛውን ተወች። ሊቀ ሐኪማን በየጠረጴዛው እየዞሩ፣ ያቺን ሴት ከመርፌ ያላቀቅኳት እኔ ነኝ ይሉ ጀመር።

በአሥረኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ቀመሪያ የሱቋን ቁልፍ ማዞር አቃታት። በሁለት እጇ ይዛው ቆማለች። ጋሽ መኳንንት ከማዶ አይተው መጡ፣ ቁልፉን ተቀብለው ከፈቱላት፣ ከዚያ ያበጡትን ጣቶቿን አዩ።

ልጇ ላሚያ ሐኪም ቤት ልትወስዳት ስትነሳ፣ ጋሽ መኳንንት ሳይጠሩ ታክሲው ውስጥ ተገኙ።

«ጋሼ፣ ሲሪየስሊ፣ እርስዎ ደግሞ ምን ሊያደርጉ?» አለች ላሚያ።

«ጥያቄ አለኝ።»

ነበራቸውም። በዚያ በምግብ ቤት እንግሊዝኛቸው፣ ቀመሪያ ስምንት ዓመት ያፈረችበትን ሁሉ ሳያፍሩ ጠየቁ። ሐኪሟም አንድ በአንድ መለሰች። ኢንፌክሽን እውነተኛ ስጋት ነው፤ ነቀርሳ የምንመረምረው፣ ትኩሳት ሲኖር ቶሎ ነይ የምንለውም ለዚሁ ነው። ብዙ ዓመት ክትትል በተደረገላቸው ሰዎች ግን አደጋው ከዓመት ዓመት እየከፋ ሲሄድ አልታየም። የካንሰሩም ነገር በአብዛኛው እንደተፈራው አልሆነም፤ ቆዳዋን ግን እያየን እንቀጥላለን። ሕመሙ ሳይታከም ሲቆይ የሚያደርገውን ደግሞ በደንብ እናውቀዋለን። መርፌው ይቀነስ ከተባለም አብረን ነው የምንቀንሰው።

«እንደገና ስትጀምር ይሠራላታል?» አሉ ጋሽ መኳንንት፣ ጣቶቿን እያዩ።

«ብዙ ጊዜ ይሠራል። ዋስትና ግን መስጠት አልችልም።»

መርፌው እንደገና ተጀመረ፤ ዘጠኝ ሳምንት ጠበቁ። ጋሽ መኳንንት በምሳ ሰዓት ምግብ ቤታቸውን እየተዉ ጨርቅ ቆረጡላት፤ የአንዲት ሙሽራ እጅጌ በእሳቸው እጅ አጥሮ ቀርቷል። በዘጠነኛው ሳምንት ቀመሪያ መቀሱን ተቀበለቻቸው። ሌሎቹ ጣቶቿ ተመለሱ፤ የቀኝ እጇ መሐል ጣት ግን እንደጎበጠ ቀረ።

ሊቀ ሐኪማን ጥፋታቸውን አላመኑም። «እኔ መቼ አቁሚ አልኩሽ? አሳርፊው ነው ያልኩት» ይላሉ። ዛሬ ግን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካገኙ አንዲት ቀን እንዳያሳልፍ ጥብሱን ይዘው ያስምሉታል። በመርፌው ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ መጥተው፣ ስትወጋ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይቆማሉ፤ መርፌ ማየት አይችሉም። ቀመሪያ ይቅር ብላቸዋለች ማለት ይከብዳል። ጣቷን ባየች ቁጥር ትወቅሳቸዋለች፣ ራሷንም አብራ።

ባለፈው ሐሙስ ጋሽ መኳንንት ከገበያ ሲመለሱ ዘገዩ። የመርፌው ቅዝቃዜ ለቋል፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል፣ ቀመሪያ መርፌውን ይዛ ተቀምጣለች።

«ማማ፣ ውጊው እንጂ» አለች ላሚያ። «ስምንት ዓመት ሙሉ ብቻሽን ስትወጊ አልነበር?»

«ስምንት ዓመት ሙሉ ብቻዬን ስፈራ ነበር» አለች ቀመሪያ። «ይምጡ፣ እጠብቃቸዋለሁ።»